በሰው ብዕር ስለ ራስ መመስከር

በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች ፍርድ ቤት ደጃፍ የተመላለሰ ሰው ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ያውቃቸዋል። በጃንጥላ ወይም በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ቀድሞ የጽሕፈት መኪና፣ ኋላም ኮምፒውተር ከፊታቸው አኑረው ባለጉዳዩን ያዳምጣሉ። ባለጉዳዩ ነገሩን ከመካከል ይጀምራል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይቆጣል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። ጸሐፊው የተዘበራረቀውን ብሶት በቀንና በቦታ፣ በከሳሽና በተከሳሽ ለይቶ ዳኛ የሚያነበው ጽሑፍ ያደርገዋል። ባለጉዳዩ ከግርጌው ይፈርማል፤ ፊደል ካልቆጠረም በጣቱ ያትማል። ይህን አድራጎት ማጭበርበር ነው ብሎ የሚያወግዝ የለም። በደሉ የባለጉዳዩ ነው፤ ጸሐፊው ያዋሰው እጁን ብቻ ነው።

ዛሬ በናይሮቢ፣ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ማመልከቻ ይዞ የሚያድር ወጣት በርክቷል። ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚያመለክት ሰው ከውጤት ማስረጃው ጋር ስለ ራሱና ስለ ዓላማው የሚገልጽ ድርሰት ይጠየቃል። የአሜሪካው ፉልብራይት የጥናት ዓላማና የግል ሕይወት መግለጫ ይፈልጋል። የብሪታንያው ቼቨኒንግ አመልካቹ ስለ መሪነቱ፣ ከሰዎች ጋር ስለሚመሠርተው ግንኙነት፣ ስለ መረጠው ትምህርትና ስለ ወደፊት ሥራው እንዲጽፍ ያደርጋል። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ታዲያ ይህን ድርሰት ለመጻፍ የሰው እጅ መዋስ እስከ ምን ድረስ የተገባ ነው? የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጸሐፊ የተፈቀደለት ነገር ለዚህኛውስ ይፈቀዳልን?

ርዳታ መሻቱ ራሱ የሚያስነውር አይደለም። ከጎንደር ወይም ከጅማ የሚያመለክት መምህር ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቢማርም፣ በዚያ ቋንቋ ፈተና መለሰበት እንጂ ስለ ሕይወቱ አልተናገረበትም። ከቋንቋው የሚብሰው ደግሞ የአስተዳደጉ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ጨዋ ልጅ ስለ ራሱ በጎነት አይናገርም። ደግነቱን ጎረቤት፣ ትጋቱን አለቃው፣ ጀግንነቱን አዝማሪ ይናገርለታል። ራስን ማወደስ የሚፈቀደው በፉከራ ጊዜ ነው፤ እርሱም የራሱ ወግና ሥርዓት አለው። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ግን «ከሌሎች በምን ትበልጣለህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ መልሱንም ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጠብቃል። ነገርን ዙሪያውን ዞሮ ወደ ፍሬው መድረስን እንደ አክብሮት የተማረ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩ ቢከብደው አያስገርምም።

በሌላ ወገን ደግሞ በእንግሊዝኛ የተወለደው፣ ወላጆቹ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁለት አመልካች ድርሰቱን እናቱ ታነብለታለች፤ የቀድሞ መምህሩ ያርምለታል፤ አቅም ካለው በገንዘብ አማካሪ ይቀጥራል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተጋለጠው የኮሌጅ መግቢያ ቅሌት ሀብታም ወላጆች ለልጆቻቸው የፈተና ውጤትና የስፖርተኛነት ታሪክ ሳይቀር በገንዘብ እስከ መግዛት መድረሳቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ድሃው ብቻ በገዛ እጁ ይጻፍ ማለት፣ ባለ ፈረሱ እየጋለበ እግረኛውን በቀጥታ ካልሄድህ ብሎ እንደ መገሠጽ ይሆናል።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ብዙ ወጣቶች ሌላ ሰው የጻፈውን ድርሰት በስማቸው ሲልኩ ኅሊናቸውን የሚያሳርፉት በዚሁ ነው። ሆኖም ክርክሩ የሚያረጋግጠው ርዳታ በእኩል አለመዳረሱን እንጂ መሸሸግ የተገባ መሆኑን አይደለም። የርዳታ እጦት የሚቃናው የሚያነብ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያርም ሰው በማብዛት ነው። ለሌለው ሰው የሌላውን አንደበት በመግጠም አይቃናም።

እዚህ ላይ የሁለቱን ጸሐፊዎች ልዩነት መመልከት ያሻል። ዳኛው በማመልከቻው የሚመዝነው ከሳሹ ተበድሏል ወይስ አልተበደለም የሚለውን ነው፤ የከሳሹን የአጻጻፍ ችሎታ አይመዝንም። የመግቢያ ድርሰት አንባቢ ግን አመልካቹ እንዴት እንደሚያስብ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚያነሣ፣ ያሰበውንም እንዴት እንደሚያስረዳ ለማየት ይሻል። በድርሰቱ ውስጥ የሚመዘነው ነገር ራሱ ተበድሮ ከመጣ፣ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ብሂል ድሃው እንዳያጌጥ የተነገረ አይደለም፤ ባለ ወርቁ በመጣ ጊዜ የሚሆነውን ለማስጠንቀቅ ነው።

ባለ ወርቁ ማን እንደሆነ ማየትም ይገባል። በናይሮቢ ለውጭ አገር ተማሪዎች የክፍል ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፉ የሚተዳደሩ ምሩቃን መኖራቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ዘ ሻዶው ስኮላርስ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የኦክስፎርዷን ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪን እየተከተለ የእነዚህን ኬንያውያን ኑሮ አሳይቷል። በእነርሱ ብዕር ሌላው ሰው ይመረቃል፤ እነርሱ ግን ስማቸው ከማይጠራበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚቀጥለውን ትእዛዝ ይጠብቃሉ። አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2022 እንዲህ ያለውን ንግድ የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። የሕጎቹ ዋና ትኩረት ግን በትምህርት ላይ ላለ ተማሪ የሚሠራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ የመግቢያው ድርሰት ባመዛኙ ለኅሊና የተተወ ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተዋል። ድርሰት ለማስጻፍ ባለሙያ መፈለግም፣ ገንዘብ መክፈልም አላስፈለገም። ርዳታው ለሁሉም ተዳረሰ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ከጅማም ከናይሮቢም የሚላኩት ድርሰቶች በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገር ጀመሩ፤ እኩልነቱ የተገኘው ሁሉም ራሱን በመተው ነው።

አድሏዊው የምክር ደብዳቤም ሊዘነጋ አይገባም። መምህሩ «አንተው ጻፈውና አምጣው፤ እፈርማለሁ» የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ተማሪው ስለ ራሱ በመምህሩ አንደበት መመስከር ይገደዳል። ሥራ የበዛበት መምህር ችግሩ ቢገባም፣ ምስክርነት በውክልና አይሰጥም። ወጣቱ ቃል መሸጥና መግዛት ቀላል መሆኑን አስቀድሞ የሚማረው ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርድን ማጉደል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ረዳቱ ቋንቋውን አልፎ ሕይወቱን ማረም ሲጀምር ነው። «በድህነት ጀምር፤ እናትህ ውኃ ስትቀዳ አሳያቸው፤ ስደቱን አስገባው፤ ፈረንጅ ይህን ይወዳል» የሚል ምክር በኢስሊ ሻይ ቤቶችም በአዲስ አበባ ካፌዎችም ይሰማል። አመልካቹ ድህነትን ያላየ ከሆነ ምክሩ ሐሰት ያስጽፈዋል። ያየ ከሆነም እናቱ ደብቃ ያሳለፈችውን ችግር አውጥቶ ለማያውቀው ገምጋሚ ያሰጣዋል። እርግጥ ነው፣ ከጦርነት ሸሽቶ በካኩማ ያደገ ልጅ መከራው የሕይወቱ አካል ነውና ቢጽፈው እውነት ነው። ልዩነቱ ታሪኩን ማን መረጠው በሚለው ላይ ነው። ሰው ስለ ደረሰበት ነገር ሲናገር የሚናገረውንና የሚተወውን የመምረጥ መብቱ የራሱ ነው፤ ረዳት ይህን መብት ከወሰደ የወሰደው ከእጅ ጽሑፍ በላይ ነው።

ታዲያ ድንበሩ የት ነው? በዚህ ረገድ ጥንታዊው የቅኔ ቤት የሚያስተምረው ነገር አለ። በዋሸራም ሆነ በዋድላ የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ያዳምጣል፤ ቤቱ የጎደለ እንደሆነ ይነግረዋል፤ ምሥጢሩ ያልተገናኘ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ያቃናዋል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ያለ ርዳታ ያደረበት ቀን የለም። ነገር ግን ርዳታው በጉባኤ ፊት የሚሰጥ ነው፤ ማንም ያየዋል፤ የማን ተማሪ መሆንም ክብር እንጂ ነውር አይደለም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ግን ምሥጢሩን ሲጠየቅ ይያዛል።

ከዚህ ሁለት መመዘኛዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ረዳቱን በአደባባይ መጥራት መቻል ነው። «እኅቴ አንብባ ይህ አልገባኝም አለችኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ እንግሊዝኛውን አቃናልኝ» ብሎ ለገምጋሚው መናገር የማያሳፍር ርዳታ የተገባ ነው። ሁለተኛው፣ ዐረፍተ ነገሩን ነጥሎ «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ያለ ረዳት መመለስ መቻል ነው። ጥያቄው በቃለ መጠይቅ ጊዜ ባይመጣ በመጀመሪያው የትምህርት ወር ይመጣል። በተበደረው ድርሰት የገባው ተማሪ በባዕድ አገር፣ በክረምት ብርድ፣ ረዳቱ በሌለበት ክፍል ወረቀቱን ብቻውን ይጋፈጣል። የእርሱ ቦታ ቢገኝለት ኖሮ ይገባ የነበረውን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የገዛ ሐሳቡን የላከውን ሌላ ወጣት ግን ማንም አያውቀውም፤ ተበድያለሁ ብሎ ማመልከቻ የሚያስጽፍበት ደጃፍም የለውም።

መርዳት የሚችሉ ሰዎች በዚህ ረገድ ዕዳ አለባቸው። በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንም ትምህርታቸውን ጨርሰው የተቀመጡ ሰዎች ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ቢጠይቁ ብዙ ነገር ይቃናል። «ይህን ትምህርት ለምን ፈለግኸው? ባታገኘው ምን ትሠራለህ? ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰብኸው የት ሆነህ ነው?» ይበሉ። ወጣቱ በአማርኛ ይመልስ፤ ይደናቀፍ፤ እንደገና ይጀምር። ጠያቂው የሰማውን መልሶ ይንገረው እንጂ አይጻፍለት። ከዚያ በኋላ ብዕሩን የሚያነሣው ራሱ ወጣቱ ይሁን፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይታረማል።