ስለ ሐሰተኛ መልእክትና ስለ ማስተዋል

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤

በሰው ስም የሐሰት መልእክት መላክ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 2፣ ከእርሱ የተላከ በሚመስል ደብዳቤ ልባቸው ፈጥኖ እንዳይናወጥ ያስጠነቅቃቸዋል። በምዕራፍ 3 መጨረሻም ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈና ይህም የመልእክቶቹ ሁሉ መለያ እንደ ኾነ ይነግራቸዋል። ሐዋርያው ልጆቹን የሚወድ አባት ስለ ኾነ እመኑኝ ብቻ ብሎ አልተዋቸውም፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩበትን ምልክት ጨምሮ ሰጣቸው። ስለዚህ የመጣውን መልእክት መመርመር የእምነት ጉድለት ወይም የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ከሐዋርያት የተቀበልነው ልማድ ነው እንጂ።

ይህን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤናና እስከ ካራ ቆሬ ድረስ፣ የዕድሩም የዕቁቡም የማኅበሩም ጥሪ በእጅ ስልክ የሚተላለፍ ኾኗል። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ከቤት ሳይወጡ ገንዘብ መላክ ቀላል ነገር ነው። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ የታመመ ዘመድ ይረዳበታል፣ ዐሥራት ይከፈልበታል። ነገር ግን ለወዳጅ በተከፈተው ደጅ ሌባም ለመግባት ይሞክራል።

ብዙ ሰዎች «የሚታለል ስግብግብ ብቻ ነው» ይላሉ። እንዲህ የሚኾንበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. ፊያስ 777 በሚባለው የማጭበርበሪያ ዘዴ በአገራችን ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያጡት ያለ ድካም ትርፍ ይገኛል በሚል ተስፋ ነበር። ይልቁንም የሚያሳዝነው ግን አታላይ የሰውን ምኞት ብቻ ሳይኾን የሰውንም በጎነት ወጥመድ ማድረጉ ነው። ይኸውም በሦስት መንገድ ይታያል።

አንደኛ፤ በወዳጅነት ይመጣል። የምናውቀው ሰው ስምና ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይታይና «ቸግሮኛል፣ እስከ ማታ አበድረኝ» ይላል። ወይም «ልጄ ተወዳድራለችና ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ የሚሉትን ማስፈንጠሪያ ይልካል። ማስፈንጠሪያውን የነካ ሰው ስልክ ቁጥሩንና ቴሌግራም የላከለትን የመግቢያ ቁጥር ይጠየቃል። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው። ለሌላ በሰጠነው ጊዜ አታላዩ በእኛ ስም ገብቶ፣ በእኛ ፊት ተሸፍኖ፣ ወዳጆቻችንን በተራቸው ይለምናል።

ሁለተኛ፤ በሐቀኝነት ይመጣል። አስቀድሞ ከባንክ የተላከ የሚመስል አጭር ጽሑፍ ይደርሳል፤ ቀጥሎ አንድ ሰው ደውሎ «በስሕተት ገንዘብ ወደ እርስዎ ገብቶብኛል፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ብሎ ይለምናል። የሰው ሐቅ መብላት የሚፈራ ሰው ደንግጦ ይልካል። በሒሳቡ ግን የገባ ገንዘብ የለም፤ የላከው የራሱን ነው።

ሦስተኛ፤ በምጽዋት ይመጣል። የገዳም ሥዕል፣ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ፣ የታወቀ አባት ስም ይለጠፍና ከሥሩ የማይታወቅ ግለሰብ የሒሳብ ቁጥር ይጻፋል። ይህ ከኹሉ የከፋ ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ያጥፋልና። ያን ጊዜ የተሰረቀው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በእውነት የታመመው ሕፃን መድኃኒት፣ በእውነት የተቸገረው ገዳም ቀለብም ነው።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ምጽዋት በስውር እንዲኾን ታዝዟልና መጠያየቅ አይገባም ይላሉ። ነገር ግን ጌታችን በተራራው ስብከቱ እንዲሰወር ያዘዘው የሰጪው ውዳሴ ነው እንጂ የተቀባዩ ማንነት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች መዋጮ በተሰበሰበ ጊዜ፣ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ከቲቶ ጋር ላከ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይኾን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት ተጠነቀቀ። ሐዋርያ እንዲህ ካደረገ፣ እኛ ካህናት ደረሰኝ ስንጠየቅ ልንቈጣ አይገባንም። እንዲያውም ሳንጠየቅ ልናሳይ ይገባናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአጠና ተራ አንዲት አጠና የሚገዛ ሰው እንኳ ገልብጦ ጫፏን ሳያይ አይከፍልም። እኛም መጀመሪያ እንቈይ፤ አታላይ የሚፈራው መዘግየትን ነውና ሁልጊዜ ያስቸኩላል። ቀጥሎም መልእክቱ በመጣበት መንገድ ሳይኾን እኛ አስቀድመን በምናውቀው መንገድ እንጠይቅ። ወዳጃችንን በቀድሞ ቁጥሩ ራሳችን እንደውልለት፤ የገዳሙን ልመና በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት በኩል እናረጋግጥ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን በ951 እንጠይቅ። ይስሐቅ ድምፁን ተጠራጥሮ ሳለ እጁን በመዳሰሱ እንደ ተታለለ እናስብ፤ ዛሬም የሰው ድምፅና መልክ በመሣሪያ ተመስሎ ስለሚሠራ አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም። የምሥጢር ቁጥርን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢኾን አንስጥ። ገባ የተባለውንም ገንዘብ ከተላከልን ጽሑፍ ሳይኾን ከራሳችን ሒሳብ እንመልከት። በቴሌግራምም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ተጨማሪ መቈለፊያ እናድርግ። ይህን የማያውቁ አረጋውያን እናቶችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከቅዳሴ በኋላ ቢረዷቸው ታላቅ ጽድቅ ነው።

ተታልሎ የተገኘም ቢኖር በዚያው ሰዓት ለባንኩና ለፖሊስ ይንገር፤ የዘገየ ሰዓት ለሌባው መሸሻ ነው። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ያስቀጣል። ነገር ግን ብዙ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ኀፍረቱ ስለሚከብደው ዝም ይላል። ዝም ባለ ጊዜም ያው ወጥመድ ለጎረቤቱ ተዘርግቶ ይቈያል።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ነፍስ አባቱ በመጣ ጊዜ «ማን አድርግ አለህ» ብለን አንገሥጸው። የተያዘው በርኅራኄው ወይም በሐቀኝነቱ ሊኾን ይችላልና። ነውሩ የአታላዩ ነው። እኛ ቍስሉን አጥበን፣ ዳግመኛ እንዳይሳሳት መክረን፣ መስጠትን እንዳይተው እናጽናናው። ገንዘቡ ሄዶ ርኅራኄው ቢተርፍ ሌባው ሁሉን አልወሰደም፤ ርኅራኄውም ከሄደ ግን ጉዳቱ ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ ነው።

ቸሩ አምላካችን ለሰጪው ማስተዋልን፣ ለተቸገረው እውነተኛ ረዳትን፣ ለአታላዩም የንስሐ ልብን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።