አንዲት ቁራጭ ወረቀት

«ሥዕል ለማን ነው?» እያልን በተከራከርን ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ዮሴፍ አልበርስን እያነሣ ያናድደናል። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አራት ማዕዘን! ይኸ የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለም ወይ?» እንለዋለን። ነገሩስ እውነት ነው። አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ መሣል ጀመረ፤ በ1976 እስኪሞት አልተወውም፤ ከሺህ በላይ ሠራ።

የጠገበ ማለታችን ግን ስሕተት ነበር። ሰውየው በተማሪነቱ ገንዘብ አጥቶ ከቆሻሻ መጣያ የጠርሙስ ስብርባሪ እየለቀመ የሠራ ነው። ያስተምርበት የነበረው ባውሃውስ በናዚዎች ግፊት በ1933 ሲዘጋ ከባለቤቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እዚያም ተማሪዎቹን ቀለም ያስተማረው በብሩሽ ሳይሆን በቁርጥራጭ ባለቀለም ወረቀት ነው። የራሱንም ሙከራ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ እየቀባ፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ቅርጹን አንድ ያደረገው ዓይናችን ቅርጽ ቅርጽ ሲል ቀለሙን እንዳይረሳ ይመስለናል።

እኛም ሞከርነው። (ይህች መጽሔት በስቴንስል ስለምትባዛ ቀለም ልናሳያችሁ አንችልም፤ ደግነቱ ጥቁርና ነጭ ይበቃል።) ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቆርጠን አንዱን በጥቁር፣ ሌላውን በነጭ ላይ አስቀመጥን። በጥቁሩ ላይ ያለው ፈካ፤ በነጩ ላይ ያለው ጠቆረ። አንዱ ጓደኛችን «አታለላችሁኝ!» ብሎ ማለ፤ አንሥተን ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ጊዜ ዝም አለ።

ታዲያ ይኸ ለተራበ ሰው ምን ያደርግለታል? እንጀራ እንደማይሆነው እናውቃለን። ነገር ግን «ይኸ ሰው አድኃሪ ነው፣ ያኛው ሐቀኛ ነው» እያልን በየቀኑ የምንፈርደው እኛው ነን። ስንፈርድ የምናየው ሰውየውን ነው ወይስ የተቀመጠበትን? ይኸን ስንል ሙግቱ እንደገና ተነሣ። ግማሾቻችን «ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ግራጫ ነው፤ አንሥቶ ማየት ነው» አልን። የቀረነው «አንሥታችሁ የት ላይ ልታስቀምጡት? ጠረጴዛውም እኮ ቀለም አለው» ብለን ሞገትን። ወረቀትስ ይነሣል፤ ሰውን ከአገሩ፣ ከእናቱ ቤት፣ ከደረሰበት ችግር ነጥሎ የሚያነሣ እጅ ከየት ይመጣል?

እስከ እኩለ ሌሊት አልተስማማንም። ሁለቱ ቁራጮች አሁንም መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጸሐይ ስትመታቸው ደግሞ ግራጫም አይመስሉ።