የእንሰቷ መሃል

ሰበታ ውስጥ ጓሮዋን እንሰት የሞላው አንዲት የጉራጌ እናት ነበረች። ልጇ ሱሉልታ ቤት ሠርቶ ሲገባ፣ «እማዬ፣ ለግቢዬ እንሰት ስጪኝ» አላት። እሷም ገና ያላበበች አንዲት ያማረች እንሰት መርጣ ከነሥሯ ነቀለች፤ ግንዷን ከአምቾው ከፍ አድርጋ ቆረጠችና አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሃሏን በቢላ ፈልፍላ ጣለችው።

«እማዬ፣ ገደልሻት እኮ!»

«ሙዝ በራሱ ጊዜ ልጅ ያወጣል፤ እንሰት ግን መሃሏ እያለ አታወጣም። ዝም ካልካት ብቻዋን ትረዝማለች፤ አንዴ ታብብና ትሞታለች።»

አምቾውን ሰነጣጥቃ ከፍግ ጋር ቀበረችው። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ከጠርዝ ጠርዙ ቡቃያ ፈላ። ልጇ አንዱን ገንጥሎ ሊሄድ ሲል እጁን ያዘችው።

«ዓመት ይቆዩ ልጄ። አሁን የሚበሉት ከእናታቸው ነው።»

በዓመቱ የራሳቸውን ሥር ያበጁትን እየለየች፣ ቅጠላቸውን ከርክማ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ቡራዩ ላለችው እህቱ ሰጠች። «መጀመሪያ አቀራርበህ ትከላቸው፤ ሲጠነክሩ ነቅለህ አራርቃቸው፤ ከዚያም እንደገና። ሱሉልታ ውርጭ አለና ኅዳር ሲገባ ገለባ አልብሳቸው።»

ይህን ያነሣሁት ስለ እድር ብዬ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ከመጠቃለላቸው በፊትም ከአዲስ አበባ በወጣ ሰው ሲሰፉ ኖረዋል። ከወጡት መካከል እድራቸውን የድሮ ሰፈራቸው ትተው የመጡ ብዙ ናቸው። ሱሉልታ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳኑ እንጦጦን ተሻግሮ እስኪመጣ ይጠበቃል። መሥራቾቹ ግን እድሩ ሲከፈል ማየት አይፈልጉም፤ በጥቂት ብር መዋጮ ያቆሙት ነውና ስስታቸው ይገባኛል። ሆኖም ዳኝነቱንም ቁልፉንም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይዘው ከቆዩ፣ እድሩ አብሯቸው ያረጃል። ወንበሩን መልቀቅ ያለባቸው ገና አቅም ሳላቸው ነው።

ለወጣቶቹም የምለው አለኝ። በአንድ ስብሰባ ተቆጥተው ተገንጥለው የሚወጡት ያሳዝኑኛል፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ፣ ያልከፈለ አባል እንዴት እንደሚታገሡት ሳያዩ ይወጣሉ። በአሮጌው ደንብ ሥር፣ የራሳቸውን ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ ለቅሶውን በየሰፈራቸው እየደረሱ አንድ ዓመት ቢቆዩ ምን ይጎድላቸዋል? በዓመቱ ገንዘቡ በአባል ቁጥር ሲከፈል ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ትልልቁ ድስትም አብሮ ይከፈል። አዲሱ እድር መዋጮ አሰባስቦ ድንኳን እስኪገዛ ድረስ የሰፈሩ ሞት አይጠብቀውም።