መጀመሪያ ፍሬኗን

ልጄ፣ ቮልስ መግዛትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ያስጀመረህ አምላክ ያስፈጽምህ። አንድ ወጣት ከሥራ መልስ እጁን ቅባት አስነክቶ ሲመሽበት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልቤ ነው የምልህ። ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። መኪናዋ ገና ግቢህ ከመግባቷ ስለ ሰፊ ቸርኬ፣ ስለሚያጓራ ማርሚታ፣ ዝቅ ስለማድረግ ታወራለህ አሉኝ። እስቲ ረጋ በል። አረፍ ብለህ ስማኝ።

በመጀመሪያ ምን እንደያዝክ እወቅ። ቮልስ ብዙ አገር የለመዳት መኪና ናት። በየካቲት 1964 ዓ.ም. ቁጥሯ ከ15 ሚሊዮን አልፎ የአሜሪካኖቹን ፎርድ ሞዴል ቲ በለጠች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር። እኛም አገር በንጉሡ ዘመን የገቡት ዛሬም ይነዳሉ። ይህን ያህል ዘመን የቆየችው ስለምትቀል ነው። ራዲያተር የላት፣ የምታፈላው ውኃ የላት። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ ፒንሳና በጥቂት ቁልፍ ብዙ ሥራ ይሠራባታል። ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ደግሞ ዛሬ አሮጌ መኪና እንደ ድሮው በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ በእጅህ ያለችውን ብታበላሻት ምትኳን ለማግኘት ትቸገራለህ። ቸኩለህ በመጋዝ የቆረጥከው ላሜራ ተመልሶ አይበቅልም። ይህን እያሰብክ ሥራ።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። እኔ ከሁሉ በፊት የምለምንህ ይህንን ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ስትወጣ መንገዱ ዳገት ነው፤ ስትመለስ ቁልቁለት ነው። ባጃጁ ሳይታሰብ ይታጠፋል፤ ወደ መተማ የሚወርደው ከባድ መኪና ከፊትህ ይቆማል፤ አህያው መሐል መንገድ ላይ ነው። የቆዩት ቮልሶች አራቱም እግራቸው ታምቡር ነው። ከዚያም በላይ የፍሬን ዘይታቸው መስመር አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጎማ በኩል ዘይቱ ከፈሰሰ የአራቱም ፍሬን ይጠፋል። የእጅ ፍሬን ብቻ ይቀርሃል። ስለዚህ አራቱንም ጎማ አውልቅ። የፍሬን ሸራውን እይ። ከውስጥ ዘይት የሚያለቅስ ካለ አትለፈው። ወደ እያንዳንዱ ጎማ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አጥፈህ እየው፤ ስንጥቅ ካየህበት ቀይረው። የፍሬኑን ዘይት አፍስሰህ አዲስ ሙላ፤ ይህ ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ውሎ አድሮም ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይገባዋል። ይህ ሁሉ ሥራ ለዓይን አይታይም። ጓደኛህ መጥቶ አያደንቅልህም። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ እሱን ሥራ።

ከፍሬኑ ቀጥሎ እሳቱን ፍራ። ስንት ቮልስ ነው በአንዲት ጎማ ቱቦ ሰበብ የነደደው! ቤንዚኑን ከፖምፓው ወደ ካርቡራተሩ የሚወስደው ቱቦ ከጋለው ሞተርና ብልጭታ ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያንጠባጥባል። ዋጋው ትንሽ ነው። በእጅህ ስትጫነው ደረቅ ከሆነብህ ዛሬውኑ ቀይረው፤ በሁለቱም ጫፍ ማሰሪያውን አጥብቅ። ቱቦ ቀይሬያለሁ ብለህም አትዘንጋው፤ በየጊዜው ኮፈኑን ከፍተህ አሽትት። የቤንዚን ሽታ ካለ አታስነሳት። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ነው። ይህ ብረት አንዴ ከነደደ ውኃ ሲደፉበት ይብስበታል። ስለዚህ ባልዲ ላይ አትተማመን። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ግዛና ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጥ።

ባትሪውም ሌላ ጣጣ አለው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፣ ወንበሩም ይቀጣጠላል። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ ከሆነ ፈልገህ አግኝለት፤ ካጣህ በወፍራም ጎማ ሸፍነው። ባትሪውን ስታነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ቆርቁረው። አሲዱና የክረምቱ ውኃ የሚበሉት እሱን ነው። ካቻቢቴው ከገባልህ ያንን ላሜራ ቆርጦ አዲስ የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ፈልግ። በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት የበሰበሰ ግድግዳ ላይ ጭቃ መምረግ ነው፤ ለሻጭ ይመቻል እንጂ ለሚቀመጥበት ሰው አይሆንም።

ሥሯ ስትገባም ጥንቃቄህ አይለይህ። በክሪክ ብቻ ከተነሳች መኪና ሥር አትግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትግባ። ብሎኬትም አትደግፍባት፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የብረት መደገፊያ ከጋራዥ ተዋስ፤ ካጣህ ወፍራም ጠንካራ ግንድ አስገባ። ማሞቂያውንም ልንገርህ። የቮልስ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ነው። ማርሚታው ወይም ቱቦው ከተቀደደ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። በክረምት ብርድ መስኮት ዘግተህ ስትሄድ ራስህን ካመመህና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ ቶሎ ቁምና ውጣ። እናትህን ጭነህ ስትሄድ ይህንን አስብ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ጉልበት አነሳት እያልክ ነው። ልጄ፣ አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ሳሳ ያለ ነው። ባለ 1300ዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት አላት ተብሎ ነበር፤ እዚህ የቀራት 33 ቢሆን ነው። ይህ ሕመም አይደለም፤ የአገሩ ከፍታ ነው። ግን አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ካንዴላዎቹን ፈትተህ እይ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና ናት። ብዙ ጊዜ ካርቡራተሩን በደንብ ማጠብ፣ ፑንቲናውን 0.4 ሚሊሜትር ላይ ማስተካከልና አየር ማጣሪያውን ማጽዳት የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል። ትልቅ ሞተር ከመፈለግህ በፊት ይህንን አድርግ።

አንዳንዱ ደግሞ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታልፍባትን ትንሽ ናስ በጠባቧ ይቀይራል። ለአዘዞ ልክ ነው። መኪናዋም ደስ ይላታል። ነገር ግን መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ መተማ የወረድክ እንደሆነ ከ700 ሜትር በማይበልጥ ቆላ ላይ ነህ። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ከአራቱ ሲሊንደሮች ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ሦስተኛው ነው፤ በስተግራ ከፊት በኩል ያለው። በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ቆሞ ነፋሱን ይከለክለዋል። የጭስ ቫልቩ በሙቀት ተሰብሮ ይወድቅና ፒስቶኑን ይሰብረዋል። ስለዚህ የቀየርካትን ናስ አትጣላት። በወረቀት ጠቅልለህ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጥ፤ ቆላ ስትወርድ መልሰህ ግጠማት። ሌላም አለ። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የምታዞራቸው አንዲት ቺንጊያ ናት። ቀዩ መብራት ከበራ ባትሪ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ነፋሱም ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። እቤት ልድረስ አትበል። እዚያው ቁም። ተቀያሪ ቺንጊያ ዘወትር ያዝ።

ስለ ማሳመሩ አልከለክልህም። ወጣት ነህ፤ ያምርሃል። እኔም ያማረ ቮልስ ሳይ ቆሜ አያለሁ። ግን ዝቅ ማድረጉን ተወው። የእኛን ኮብልስቶንና የክረምቱን ጉድጓድ ታውቀዋለህ፤ የሞተሩ ሆድ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰፊ ጎማም መሪውን ያከብዳል፣ ከጭቃ ጠባቂው ጋር ይፋተጋል። ማርሚታውን አታስጩኸው። አጠገብህ ታማሚ አለ፣ አራስ አለች፤ ሌሊት ለኪዳን የሚነሳ ሰው አለ። ጎረቤት አንዴ ካዘነብህ መኪናዋን ወድዶ አያይልህም። ወንበሩን አሰፋ፣ ቀለሟን አሳምር፣ መብራቷን አጠንክር፤ ይህ ያምርባታል። ሞተር ወይም ቀለም ለመቀየር ካሰብክ ደግሞ አስቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ ካልገጠመ ለቦሎ ስትቀርብም፣ ስትሸጣትም መከራህን ታያለህ።

ከሁሉ የምፈራልህ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈትቶ መተው። በየግቢው ሣር የበቀለባት፣ ዶሮ የሚያድርባት መኪና አይተሃል። ባለቤቷ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መጀመሪያ ካርቡራተሩን ፈታ፤ እሱ ሳይገጠም ፍሬኑን ፈታ፤ ፍሬኑ ሳይገጠም ሞተሩን አወረደ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፣ ዳዶው ጠፋ፣ የየትኛው ቡሎን የት እንደነበር ተረሳ። አንተ እንዲህ አታድርግ። የፈታኸውን ሳትገጥም ሌላ አትፍታ። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቡሎኖቹን በየቆርቆሮው ለይና በላዩ ጻፍ። ማታ ሥራ ስታቆም መሣሪያህን ጠርገህ ቁጠር። ቢቻልህ በየሳምንቱ መጨረሻ መኪናዋ ተነስታ የምትንቀሳቀስ ሁና እንድታድር አድርግ። የምትነዳ መኪና ተስፋ አታስቆርጥም።

ደብተርም ያዝ። የገዛኸውን ዕቃ፣ ዋጋውን፣ የገጠምክበትን ቀንና ኪሎሜትሩን ጻፍ። ደብተሩ ስንት እንዳወጣህ ያሳይሃል፤ ያን ጊዜ ራስህን ትገታለህ። የቤት ኪራይ ገንዘብ አትንካ። ዕቁብ ወጣልኝ ብለህ ሁሉንም ቸርኬ ላይ አታፍስስ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ስታስመጣ ደግሞ እያንዳንዱን ለብቻ አታስላክ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ስታገኝ የሚያስፈልግህን ሁሉ ጽፈህ፣ የሚቻለውን አሮጌውን ዕቃ ናሙና አስይዘህ ላከው። የቮልስ ዕቃ በየዓመተ ምሕረቱ ይለያያል፤ በስም ብቻ ከታዘዘ የማይገጥም ይመጣል። ከሰው መኪና የተፈታ የሚመስልህን ዕቃ በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛ። የተሰረቀበት ሰው እንደ አንተው ለፍቶ ነው የገዛው።

ጋራዥ ቁጭ ብሎ ማየትንም አትናቅ። አዘዞ ውስጥ ዕድሜያቸውን ከወታደርና ከጭነት መኪና ጋር የጨረሱ ሰዎች አሉ። በጆሮ ብቻ የሞተር በሽታ የሚለዩ ናቸው። ሻይ ገዝተህ አጠገባቸው ተቀመጥ። ጥያቄህን በአክብሮት ጠይቅ። ሲሠሩ አትቸኩልባቸው። አንተ ፈጣን አእምሮ አለህ፤ አንዴ ካየህ ትይዘዋለህ፤ ይህን ከልጅነትህ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ቫልቩን አብረን እናስተካክላለን። ዓርብ ማታ ካቆምካት በኋላ እኔ እስክደርስ አታስነሳት፤ የቮልስ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ በርዶ ሲያድር ነው። ክፍተቱ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ቀጭኑን መለኪያ ብረት እኔ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ሁለት ተኩል ሊትር ዘይት፣ ለሁለቱ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ከሥር ላለው የዘይት ወንፊትም ጓርኒሲዮኑን ገዝተህ ጠብቀኝ። ይቺ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያላት፤ ስለዚህ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎሜትሩ ሳታሳልፍ ትቀይራለህ፣ ቫልቩንም በዚያው ታያለህ። የመጀመሪያውን ሲሊንደር እኔ እለካለሁ፣ አንተ ታያለህ። የቀሩትን ሦስቱን አንተ ትለካለህ።