ሐውልት ለማን ይቆማል?

ሐውልት ያለፈውን ዘመን ለሚመጣው የሚናገር ድንጋይ ነው። ድንጋይም እንደ ሰው እውነትም ሐሰትም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሐውልት ለማቆም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ «ለማን ነው የማቆመው?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት ባልቴት ነው።

ጥቂት የጋይንት ወጣቶች ከንፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው መንገድ ዳር የሴባስቶፖል መድፍ መታሰቢያ ቢቆም ብለው ተመኙ፤ ንድፉንም እንድሥልላቸው ለመኑኝ። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ በውጭ አገር ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንትና በጨጨሆ አለፈ፤ ዋድላንና ደላንታን ተሻግሮ ከስድስት ወር ያህል ድካም በኋላ መቅደላ ደረሰ። መንገድ ስላልነበረ ዐለቱን እየፈነቀሉ መንገድ ሠሩለት፤ ንጉሡም ራሳቸው በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እኔም ንጉሡን ከመድፉ አጠገብ አድርጌ ሣልሁ። ለአገር ሽማግሌዎች ባሳይ አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ መልካም ነው፤ ጠፍሩን የጎተተውሳ የት አለ? በሬው የታረደበት፣ ጎተራው የተራቆተበትስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን የበጌምድር ባላገር በጦር ሠራዊት ተዘርፏል፤ ብዙ መከራም አይቷል። ክብሩን ብቻ ባሳይ የተራቡትን የልጅ ልጆች መዋሸት ነው። በደሉን ብቻ ባሳይ ደግሞ አገራቸው በሙያ ከሌላው እንዳታንስ የደከሙትን ንጉሥ መበደል ነው።

«ሐውልት የሚያኮራውን እንጂ የሚያሳዝነውን ለምን ያሳያል?» የሚል ይኖራል። እርሱ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ይመልከት። በ1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉት ሰዎች በዚያ በነሐስ ተቀርጸዋል። የሚያየው ሁሉ ያዝናል፤ ነገር ግን ስላዘነ አገሩን የጠላ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ንድፌን ቀየርሁ። መድፉ በጨጨሆ አልፎ ሄዷል፤ በዚያ የቀረው ዳገቱና የሕዝቡ ድካም ነው። በአገሩ ድንጋይ፣ በመንገደኛው ቁመት ልክ፣ ጎንበስ ብለው የሚጎትቱ ሰዎችን አደረግሁ፤ ንጉሡም በመካከላቸው ድንጋይ ያነሣሉ። ከእግራቸው ሥር አንድ ባዶ ጎተራ አለ። የጠፍሩ ጫፍ የሚያልፍ ሕፃን እንዲይዘው ነጻ ቀርቷል።

ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ «ንጉሡን ዝቅ አደረግህብን» ብለው ተቀየሙኝ፤ ሐሳቡም ሳይፈጸም ቀረ። ወዳጆቼን ማጣቴ አሳዝኖኛል፤ የመጀመሪያውን ንድፍ ግን መልሼ አላወጣሁትም።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ሆይ! በየቀበሌያችሁ የሚነገር ታሪክ አለ። ድንጋይ ከማቆማችሁ በፊት «ጠፍሩን የጎተተው ማን ነው?» ብላችሁ አሮጊቶችን ጠይቁ። የከበረውን ማክበር ቀላል ነው፤ የተረሳውን ማስታወስ ግን ፍርድን ማወቅ ነው።