ምስክርነት በማን ፊት?

ለእምነቱ ሲል ሩቅ አገር የሄደ ሰው ያየውንና የደረሰበትን ለመጻፍ መብት አለው ወይ ቢባል መልሱ አያከራክርም፤ አለው። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሲጽፍ በማን ፊት እንደ ቆመ ይቆጥራል የሚለው ነው።

የሚሲዮናዊ ጽሑፍ ሁለት ወገኖች አሉት። አንደኛው አንብቦ የሚጸልየውና ገንዘብ የሚያዋጣው የጸሐፊው አገር ምእመን ነው። ሁለተኛው የሚጻፍበት ሕዝብ ነው፤ እርሱ ግን ቋንቋውን ስለማያውቅ ከአንባቢ አይቆጠርም። ፈተናው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ ሆኖ በተሳለ መጠን የጸሐፊው መብራት ደምቆ ይታያል።

ለዚህ የሄንሪ ስተርን ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስተርን ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ ከለንደን ተልኮ በ1860 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስም፣ ያመኑት ሁሉ በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በማለት ስብከቱን ፈቀዱለት። በ1862 ስለ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ ለንደን ውስጥ አሳተመ። በርእሱ ላይ ሕዝቡን «ፈላሻ» አለው፤ ሕዝቡ ግን ራሱን የሚጠራው ቤተ እስራኤል ብሎ ነው። በውስጡም የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ እንደ ነበሩ ጻፈ።

ስድቡ የስተርን ፈጠራ አልነበረም፤ የንጉሡ ጠላቶች ቀድሞም ይሉት ነበር። ነገር ግን ድሃ ሴት መድኃኒት ሸጣ ልጅ ብታሳድግ ምን ነውር አለበት? ነውር ያደረገው በዘሩና በርስቱ የሚኩራራው የመሳፍንት ወገን ነው። የወንጌል መልእክተኛ ነኝ ያለው ሰው ድሆችን የሚያዋርደውን የመሳፍንቱን ሚዛን ሳይመረምር ተቀበለ። እንግዲህ ጥፋቱ ወሬው እውነት ወይም ሐሰት በመሆኑ ብቻ አይለካም።

በ1863 ስተርን በንጉሡ ትእዛዝ ተደበደበ፤ ሁለት አገልጋዮቹም ተደብድበው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ ተበረበሩ፤ ስለ ንጉሡ የጻፈውም ተተርጉሞ በሸንጎ ተነበበበት። አያነብም የተባለው ወገን አነበበ። ስተርን ከመቅደላ እስር የወጣው በሚያዝያ 1868 ነው። ለመታሰሩ የቴዎድሮስ ደብዳቤ ከእንግሊዝ መንግሥት መልስ ማጣቱን የመሰለ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ብዕሩ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ከዚህ ታሪክ «ጸሐፊ ዝም ይበል» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ቢኖር እንቃወመዋለን። ሰንሰለት ለመጽሐፍ መልስ አይሆንም፤ አንዲት ቃል ያልጻፉት ሁለት አገልጋዮች መሞታቸው የሥልጣንን ፍርደ ገምድልነት ያሳያል። ሆኖም ሥልጣን የቀጣው ጽሑፍ ሁሉ በመቀጣቱ ብቻ ጻድቅ አይሆንም። የንጉሡ ጭካኔና የጸሐፊው ግዴለሽነት አንዱ ሌላውን አያነጻውም።

ጥያቄው ለሚሲዮናውያን ብቻ የተተወ አይደለም። በስደት ያለን እኛም በባዕድ ቋንቋ፣ ለባዕድ አንባቢ፣ ስለ ገበሬውና ስለ እስረኛው እንጽፋለን። ርኅራኄን ለመቀስቀስ ሲባል ሕዝብን ከነክብሩ ሳይሆን ከነቁስሉ ብቻ ማሳየት ይቀልላል። ስለዚህ መለኪያችን አንድ ይሁን፦ የጻፍነው በአገሩ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ የተጻፈበት ሰው በተቀመጠበት ቢነበብ፣ ሰውየው ቢቆጣም እንኳ «ይህ እኔ ነኝ» ሊል ይችላልን? በእርሱ ፊት ሊቆም የማይችል ምስክርነት በእግዚአብሔር ፊትም ሆነ በታሪክ ፊት አይቆምም።