የደጁ ስፋት

የሕዝብ ቤት የሚለካው በመልኩ ነው ወይስ በደጁ? ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እናንተ «ኢሪያ» የምትሉት።

ከልጅ ልጄ ጋር ከክፋር ጋኒም በአውቶቡስ ሄደን አየነው። አርክቴክቱ መናሔም ኮኸን ነው፤ ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ግራጫ ኮንክሪት፣ በተርታ የተደረደረ መስኮት፣ ጌጥ የሚባል ነገር የሌለው። ይህን አሠራር ብሩታሊዝም ይሉታል። አንዳንዱ ሰው ያስጠላል ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ የተሠራበትን የማይደብቅ ሐቀኛ ቤት ነው ይላል። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ ይኼ እኮ እስር ቤት ነው የሚመስለው!» አለኝ።

እኔ ያሰብኩት የጎንደርን ግንብ ነው። ከፋሲል ግንብ የሚያምር ምን አለ? አባቶቻችን ሲናገሩ፣ ድንጋዩን ከጠረቡት፣ ኖራውን ካቦኩት መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩ። ግንበኛ፣ አናጢ፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። እጃቸውን የፈለገ አገር ግን ርስት ነፈጋቸው፤ «ፈላሻ» አላቸው፣ «ቡዳ» አላቸው። ቤቱ ያምራል፤ የሠራው ሰው ግን መሬት የለውም። እንግዲህ ውበት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም።

ይኼ ግራጫ ቤት ደግሞ ሰፊ ደጅ አለው። 4 ኖቬምበር 1995 ለሰላም የወጣ ሕዝብ እዚያ ተሰብስቦ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ከሕንፃው ጎን ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በጥይት ተመቱ። አደባባዩም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። 3 ሜይ 2015 ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችን መጡ። ባደግንበት አገር ደጅ መጥናት ማለት አደግድጎ፣ አንገት ደፍቶ፣ ጌታው እስኪወጣ መጠበቅ ነው። እነሱ ግን ቀና ብለው ቆሙ። ቀኑ በሰላም ጀምሮ ማታ በግጭት አለቀ።

ታዲያ ደጁ የሰፋ ቤት ሁሉ ጥሩ ቤት ነው ልበል? አልልም። ደጁ ሰፊ ሆኖ ጆሮው ጠባብ የሆነ ቤት አለ። ለጩኸት ቦታ መስጠትና ለጩኸቱ መልስ መስጠት ለየቅል ናቸው። መልኩን አርክቴክቱ ይሠራዋል፤ መልሱን የሚሰጡት ግን ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። እሱ ደግሞ ከውጭ ቆመው ሲያዩት አይታይም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤቱ በማማሩ ወይም በማስጠላቱ ብቻ አትፍረዱ። ግቡና ጠይቁ። ለእናታችሁ ወረቀት አስተርጓሚ አለ ወይ? ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ እንደ ሌላው ልጅ ይታያል ወይ? እኛ ቋንቋው ሳይገባን በር ላይ ቆመናል። እናንተ ግን ቋንቋውም ሕጉም አላችሁ፣ ግብሩንም ትከፍላላችሁ። ግራጫም ቢሆን ቤቱ የእናንተ ነው፤ በገዛ ቤቱ ደጅ የሚጠና ሰው የለም።